ትከሻው ላይ የቀረው እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ መክሊት ለምረቃ መጽሔታቸው የምትሰጠውን ፎቶ ስትመርጥ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ከስልኳ ያወጣችው ለፋሲካ ከወንድሟ ጋር ደጃፋችን ላይ የተነሱትን ነው። በሁለት ጣቷ ፎቶውን ስትስብና ስትገፋ ቆየችና ወንድሟን ከጠርዙ አስወጥታ ራሷን ብቻ አስቀረች። ራሷንና የወንድሟን ክንድ ማለቴ ነው። ክንዱ ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ ቀረ፤ ባለቤቱ ግን የለም።

«እሱስ?» አልኳት።

«ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ። ቆርጠሽ ጣልሽው እኮ።»

«እማዬ ደግሞ! አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ተብሏል። ዋናው ፎቶ እኮ አለ፣ የትም አልሄደም።»

ምስሩን ከጭኔ ላይ አወረድኩት። ልጆቼ በትንሽ በትልቁ የምጨነቅ ሴት መሆኔን ያውቃሉ። ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ፣ ከመንገድ ተመልሼ የማይ ነኝ። ስለዚህ መክሊት ይህንንም ከዚያው ቆጥራ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን «ዋናው አለ፣ የትም አልሄደም» የሚለውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ፣ ያውም ልክ በዚህ አነጋገር፣ በወጣትነቴ ሰምቼው ነበር። ያኔ ሲነገረኝ ደስ ብሎኝ ነበር የሰማሁት።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ገና ብዙ አልቆየም። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ እኔና አባቴ ብቻችንን ነው። እናቴ ስትታመም ቤት የሚይዝ ስላልነበረ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቁሜያለሁ። እሷ ካረፈች በኋላ ወደ ክፍል መመለስ አፈርኩ፤ ከእኔ በታች የነበሩት ሁሉ አልፈውኛል። አባቴ አናጢ ነው፤ ላምበረት፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ የእንጨት ሥራ ቤት ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እኔ እንዳልቦዝን ብዬ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ወለል ለመጥረግና ፎቶ ኮፒ ለማንሳት ነበር፤ እያደር መጻፍ ለመድኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ሰናይት ናቸው፤ ንጹሕና ሥርዓት የሚወዱ፣ ወረቀት ጠርዙ ተጣሞ ካዩ እንደ ሕመም የሚሰማቸው ሴት።

ገጽ የሚያቀናብረው ብሩክ የሚባል ልጅ ነበር። እየሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ እየዘመረም ይቀልዳል። ብልጭልጩን ሁሉ ትቶ ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ጥቁር መስኮት ይከፍትና እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትእዛዝ እየጻፈ ነበር ብዙ ነገር የሚሠራው። ማውዝ አይነካም። አንድ ቀን አንድ የሳይንስ አስተማሪ በሲዲ መጽሐፍ አምጥተው፣ ውስጡ ያሉትን ሥዕሎች ለብቻ አውጡልኝ አሉ።

«ስንዱ፣ ነይ ተአምር ላሳይሽ» አለኝ ብሩክ።

መስኮቱ ሲጠቁር ደነገጥኩ። «ቫይረስ ነው?»

«ቫይረስስ አንቺ ነሽ፣ የጀመርኩትን ሁሉ የምታስረሽኝ። ተቀመጪ።»

የትእዛዙን ስም፣ ቀጥሎ ጭረትና አንዲት ፊደል፣ ቀጥሎ የፒዲኤፉን ስም፣ መጨረሻ ላይ ለሚወጡት ፎቶዎች የምንሰጠውን ስም፤ በመካከላቸው ክፍተት ሳይዘነጋ። መስመሯ ይህችው ናት። ጻፈና ተጫነ። ነጯ ሰረዝ ብልጭ ብልጭ አለች፣ ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

«እምቢ አለ?»

«ተሳክቷል። ይሄ ሲሳካለት አያወራም። የሚጮኸው ሲያቅተው ነው።»

እውነትም ፋይሎቹ ያሉበት ማኅደር ሲከፈት ሥዕሎቹ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው በተርታ ወጥተዋል። አንደኛው መጽሐፉ ውስጥ ቅጠል ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ሙሉ ተክሉ፣ ከነሥሩ፣ ከነያዘው ሰው እጅ ታየ። ከየት መጣ አልኩት።

«መጽሐፉ ላይ የምታይው የተጋረደውን ነው» አለኝ ብሩክ። «የሠራው ሰው ቅጠሉን ብቻ ስለፈለገ ሌላውን ሸፈነው። ዋናው ግን ከስር አለ፣ የትም አልሄደም።»

ያቺን መስመር ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም ልጅ በቃሌ ያዝኳት። ፊደሎቹ ምን ማለት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ግን አልተሳሳትኩም። ጠንቃቃ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ፋይሉን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጬ ነበር የምሠራው። ብሩክ ይስቅብኝ ነበር። ብዙ ሳይቆይ አዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ጥቁሩ መስኮት ለእኔ ቀረ።

አሁን ጽሕፈት ቤቱ ከመግባቴ በፊት የጀመረውን የአባቴንና የወንድሙን ነገር ልናገር።

ጋሼ መኩሪያ የአባቴ ታላቅ ናቸው። ቤታቸው ከእኛ በላይ፣ መንገዱ አስፋልቱን ጥሎ ወደ እንጦጦ ከሚወጣበት ዘንድ ነው። በክረምት ጉሙ ቤታቸውን ሲውጠው ከደጃችን ይታየኝ ነበር። ሁለቱ ከወላጆቻቸው በወረሱት ይዞታ ድንበር ላይ የቆሙ ባሕር ዛፎች ነበሩ። ጋሼ አንድ ዓመት ሳያማክሩ አስቆረጧቸውና አባቴ አኮረፈ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ አያልቅም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ባደገ ቁጥር ኩርፊያውም አብሮ አደገ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን እኛ ቤት ታረቁ። እኔ ነኝ ያስተናገድኳቸው። ጋሼ መኩሪያ ጉርሻ ጠቅልለው አባቴን ሲያጎርሱት ወጡ በአባቴ አገጭ ላይ ወረደ፤ ሁለቱም እንደ ሕፃን ሳቁ። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ከሥራ ሲገባ በቀጥታ ወደ ቤት አይመጣም፤ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቤት ወጥቶ ወንድሙን አይቶ ነው የሚወርደው።

በዚያው ዓመት የሰፈራችን ዕድር የተመሠረተበትን በዓል ሲያከብር መጽሔት አሳተመ። ዕድሩን በዳኝነት የመሩት ሰዎች ፎቶ እንዲወጣ ተባለና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰጡ። ጋሼ መኩሪያም ከነሱ አንዱ ናቸው። መጽሔቱ በታደለ ዕለት አባቴ ከዕድሩ ስብሰባ ሲመለስ መንገድ ላይ በቆሎ ጥብስ ስመርጥ አገኘሁት፤ አየኝና ሳይናገረኝ አለፈ። ቤት ስደርስ መጽሔቱ ተገልጦ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የጋሼ ፎቶ ትንሽ፣ ለመታወቂያ እንደሚሆነው ያለ ነው። ፊታቸውና ትከሻቸው ይታያል። ትከሻቸው ላይ አንድ እጅ አለ። የቀለበት ጣቱ ጫፍ የለውም።

ያንን ጣት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጋዝ የበላው የአባቴ ጣት ነው። ፎቶውንም አውቀው ነበር። ሁለቱ በጎረምሳነታቸው ለአዲስ ዓመት፣ በራጉኤል ንግሥ ዕለት፣ እንጦጦ ላይ በአዲስ ኮት የተነሱት ነው። በጋሼ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየሁት ነው ያደግኩት።

«ሰውዬው ቆረጠኝ» አለ አባቴ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። በኋላ ከጎረቤት እንደሰማሁት፣ የዕድሩን ድንኳን የሚጠብቁት አቶ ሽፈራው በሰው ፊት ቀልደውበት ነበር። «አቶ ተስፋዬ፣ እጅዎ ዳኛ ሆኖ እርስዎ ውጭ ቀሩ እኮ!» ብለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሼ መኩሪያም የሳቁ መሰለው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ አልወጣም። ለምን ብሎ አልጠየቀም፣ ሽማግሌም አልላከም፤ ከታረቁ በኋላ ስለተደረገበት ውርደቱ የባሰ ነበር መሰለኝ። ጋሼን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ኪሳቸው ውስጥ ከማይጠፋው ቆሎ ይዘግኑልኛል፤ «አባትሽ ደህና ነው?» ይሉኛል፤ «ሰላም በይልኝ» ይሉኛል። ሰላምታውን ለአባቴ አደርስለታለሁ። «እግዜር ይስጠው» ይልና ጫማውን ማውለቅ ይጀምራል። እንዲህ እያልን ክረምት አልፎ በጋ መጣ፤ ሌላ ክረምት አለፈ። በጥር ላይ ጋሼ መኩሪያ ሌሊት ደረታቸውን አሟቸው፣ ጠዋት የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

አባቴ ቀብሩ ላይ ነበር። ግን ከዘመድ ጋር አልቆመም። ከዛፎቹ ሥር፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ኋላ ቆሞ፣ አፈሩ ሳያልቅ ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ለወንድም የሚሆን ቦታ አለ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ነው «እግዜር ያጽናህ» የሚለው። እዚያ ቦታ ላይ የአክስቴ ልጅ ተቀመጠ። እኔ በድንኳኑ ንፍሮ ሳድል ሰው ሁሉ «አባትሽስ?» ሲለኝ ምን ልበል? አሞታል አልኩ። እሱ ቤት ነበር፤ አልታመመም፣ አልበላምም።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ ብርቄ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። መጽሔቱን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ክረምቱን ጣሪያው አፍስሶ ግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ሲያላቅቁት ፊቱ ተገፎ ቀርቷል። ለሙት ዓመቱ የሚያኖሩት ፎቶ የላቸውም።

«ከዚህ ላይ አሳድጊልኝ» አሉኝ።

በፎቶ ኮፒው አሳድጌ ሰጠኋቸው። ፊታቸው በነጠብጣብ ተሞላ።

«ምነው ፈንጣጣ የያዘው አስመሰልሽው? መኩሪያ እኮ ቆዳው እንደ ብርጭቆ ነበር።» ከዚያ ጣታቸውን መጽሔቱ ላይ አድርገው፣ «ደግሞ ይቺን እጅ እንዳታጠፊያት። እዚሁ ትሁን። የአባትሽ ናት» አሉኝ።

መጽሔቱን ማን እንዳዘጋጀው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የማተሚያ ቤቱ ፋይል ከተገኘ ይሻላል ብዬ ነው።

«እናንተው አይደላችሁ እንዴ? የዕድሩ ጸሐፊ እዚህ ሂጂ ያለኝ።»

እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተሠራ ነበርና አላውቅም ነበር። ወይዘሮ ሰናይት ከኋላ ሆነው ሰሙ፤ ያኔ የተሠራበት ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ መቃጠሉን፣ ለማተሚያ ቤት የሄደው ሲዲ ግን ቅጂው ካርቶን ውስጥ እንደሚኖር ነገሩን። ሲዲው ከሌሎች ሲዲዎች መሀል፣ በብሩክ ጽሕፈት «ዕድር» ተብሎ ተገኘ። ፒዲኤፉን ገለበጥኩ፤ ደግሜ ገለበጥኩ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ መስመሯን ጻፍኩ። ተጫንኩ። ምንም አላለም።

«ተበላሸ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አይ፣ ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው።»

«እንደኛ ቤት ሰው ነዋ» አሉ።

ማኅደሩን ስከፍተው መጀመሪያ የወጡት የዕድሩ ማኅተምና የድንኳኑ ፎቶ ናቸው። ቀጥለው ዳኞቹ መጡ። መጽሔቱ ላይ ሁሉም ኮስተር ያሉ፣ አንገትና ራስ ብቻ ናቸው። እዚህ ግን አንደኛው አጠገብ ሚስታቸው ቆመዋል። አንደኛው ጭን ላይ ሕፃን ተኝቷል። አቶ አሰፋ የሚባሉት የበግ ቀንድ ጨብጠው ይታያሉ። ሌላው ከጠርሙስ ኋላ፣ በብዙ ሰው መካከል ይስቃሉ። ማንም ብቻውን አልነበረም። እትዬ ብርቄ በየፎቶው እየሳቁ፣ «እሷን አየሻት? ነፍሷን ይማረው»፣ «ይሄ ልጅ አሁን አግብቷል» ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስከፍት ግን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሁለቱም አሉ። ከኋላቸው ዛፍና የንግሥ ሰው፣ ከእግራቸው ሥር አደይ አበባ። አባቴ ቀጭን፣ ጸጉሩ ጎፍሮ፣ እጁን የወንድሙ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ ካሜራውን ሳይሆን ወንድሙን እያየ ይስቃል። የጣቱ ቁስል ገና አልጠገገም ነበር፤ ከጫፉ የተቆረጠው በዚያው ሰሞን ነው።

«ታዲያ ለምን ገጹ ላይ ቆረጡት?» አሉ እትዬ ብርቄ። «መኩሪያ መጽሔቱ ሲመጣ ጊዜ ‹ምነው ተስፋዬን አስቀሩብኝ› ብሎ አዝኖ ነበር። ጉርድ ፎቶ ስጥ ሲሉት እንኳ ከወንድሜ ጋር የታረቅኩበት ዓመት ነው ብሎ ይሄንን ነው ከግድግዳ አውርዶ የሰጠው።»

ወይዘሮ ሰናይት ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። «እኔ ነኝ ብሩክን እኩል አድርጋቸው ያልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አንዱ በግ ይዞ፣ አንዱ ልጅ አቅፎ፣ ለዓይን አያምርም ብዬ። ሁሉም በአንድ ልክ ይሁኑ አልኩ።»

«አባዬ እሳቸው ያስቆረጡት መስሎት ነው የቀረው» አልኩ። በሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «በዚህ ነው? እኛ የዛፉ ነገር ያገረሸበት መስሎን። መኩሪያ እኮ ያቆጠቆጡትን ዛፎች ሳይቀር ሊተውለት ነበር። ‹እንዲህ ሆዱ ከባሰ ይውሰዳቸው› ብሎ፣ ‹ግን ምን ብዬ ሽማግሌ ልላክበት› እያለ...» አልጨረሱትም። ፎቶውን ሙሉውን አሳድጊልኝ፣ ከማንም ላይ ምንም እንዳትነኪ ብለውኝ ወጡ።

ወይዘሮ ሰናይት በሩን ዘጋ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። «ለአባትሽ ልትነግሪው ነው?»

«ሙት ዓመቱ ላይ ይቀመጣል እኮ። መስማቱ አይቀርም።»

«አይመጣም። ቀብሩ ላይ ያልቆየ ሰው ለሙት ዓመት አይመጣም። ተይው ስንዱ። እስከ ዛሬ ቂሙን ይዞ ነው የቆመው። እሱን ብትወስጂበት ምን ይቀርለታል?»

ለራሳቸውም ፈርተው እንደነበር ይገባኛል። ያሉት ግን ውሸት አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ውሸት ሆኖ አላገኘሁትም። ሻይ ቤት ሄጄ ዳቦ ገዛሁና ሳልበላው ያዝኩት። ልንገረው ስል አባቴ ተሰብሮ ይታየኛል፤ ልተወው ስል ደግሞ ወንድሙን እየጠላ ሲያረጅ ይታየኛል። በመጨረሻ የወሰንኩት ደፍሬ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ፣ ምናልባትም ከአቶ ሽፈራው አፍ፣ በሳቅ መካከል ይሰማዋል ብዬ ፈርቼ ነው። ሙሉውን ፎቶ አተምኩ፤ የሌሎቹን ዳኞች ፎቶዎች ደግሞ አሳንሼ በአንድ ወረቀት ላይ አወጣሁ። ታክሲ እየቀያየርኩ ላምበረት ወረድኩ።

መናኸሪያው እንደ ሁልጊዜው ነው። «ደሴ! ደሴ!» የሚለው፣ ፍራሽ የተሸከመው፣ ዶሮ በእግሯ አንጠልጥሎ የሚሮጠው። የናፍጣው ሽታ እስከ እንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይከተላል፣ ከዚያ ወዲያ ሰጋቱራ ነው የሚሸተው። አባቴ ቁምሳጥን በር እየላገ ነበር። በሥራ ቀን ሲያየኝ መርዶ ያመጣሁ መስሎት ደነገጠ።

ፎቶውን ሰጠሁት። አቧራውን ከእጁ ላይ አራግፎ ተቀበለኝ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከዕድሩ መጽሔት።»

«መጽሔቱ ላይ እኔ የለሁም።»

«አለህ አባዬ። ፎቶውን አልቆረጡትም። ከላዩ ላይ ጠባብ ፍሬም እንደማድረግ ነው። ፍሬሙ ሲነሳ ሙሉው አለ።»

ፍሬም ስለው ገባው። ግን ፊቱ አልተፈታም። «ፍሬሙን ያስጠበበው እሱ ነው።»

ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋሁለት። አንድ በአንድ አያቸው። አቶ አሰፋ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። «በጉን ይዞ ነው እንዴ የተነሳው ይሄ ሰውዬ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በመሀል ቆመ። ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሚስትየዋን፣ ሕፃኑን፣ ጠርሙሱን በጣቱ እየነካ።

«ሁሉንም ነው?»

«ሁሉንም። ጽሕፈት ቤቱ ነው ያደረገው፤ እኩል እንዲሆኑ ብለው።»

«እኩል እንዲሆኑ» አለ። ያችን ጫፍ የሌላትን ጣት ፎቶው ላይ ካለችው ጣት አጠገብ አሳረፋት። ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ጋሼ ያውቅ ነበር?»

ጋሼ ሲል ከሰማሁት ቆይቷል። ሰውዬው ነበር የሚለው።

«ምኑን?»

«ለምን እንደቀረሁበት።»

እዚህ ላይ ልዋሸው እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «አያውቁም» አልኩት። «እትዬ ብርቄ እንዳሉት የዛፉ ነገር ነው የመሰላቸው። ዛፎቹን ሊተዉልህ ነበር።»

አባቴ አላለቀሰም። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፣ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

«ትልቁ ፎቶ ስንት በስንት ነው የሚሆነው?» አለኝ።

ፍሬሙን ከዋንዛ ሠራው። ሲልገው፣ ሲያለሰልሰው፣ ቀለም ሲቀባው ማንንም አላስጠጋም። በሙት ዓመቱ ዕለት መስታወቱ በታክሲ መንገጫገጭ እንዳይሰበርበት በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎት ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤ እኔ ከኋላው ዳቦ ተሸክሜያለሁ። ጥር ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ከድንበሩ ላይ ሲደርስ ዛፎቹን ቀና ብሎ አላያቸውም።

እትዬ ብርቄ ጉንጩን ደጋግመው ሳሙትና ፎቶውን ከእጁ ተቀብለው መሀል ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ፍትሐቱ አልቆ፣ ሰዉ ጠላውን ይዞ ሲቀመጥ፣ አቶ ሽፈራው ፎቶው ፊት መጥተው ቆሙ። ልማዳቸው ሆኖ አንድ ነገር ማለት ነበረባቸው።

«አቶ ተስፋዬ፣ ዛሬስ ሙሉ ሰው ሆነው ገቡ» አሉ።

«ዘግይቼ ነው የገባሁት» አለ አባቴ።

የሳቀ አልነበረም። አቶ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ መጥተው በሁለት እጃቸው ጨብጠው «እግዜር ያጽናህ» አሉት። ከሳቸው ኋላ ሌላው ተነሳ፣ ከሱም ኋላ ሌላው። ባለፈው ዓመት ድንኳን ውስጥ ሊባል የሚገባውን ሰው ሁሉ ያን ቀን ተሰልፎ አለው። እሱም ለእያንዳንዱ ተነሥቶ ተቀበለ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ሁሉ ጥሩ ነበር እላለሁ፤ ግን የሚያጽናናው ሰው ፎቶ ውስጥ ነበር የተቀመጠው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሰው ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ መክሊትንም በጀርባው አዝሎ አሳድጓል። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ፎቶ ሲነሳ እጁን የማንም ትከሻ ላይ አያሳርፍም። የሠርጌ ፎቶ ላይ ከጎኔ ቆሞ ሁለቱም እጆቹ ኮት ኪሱ ውስጥ ናቸው። ፎቶ አንሺው «አባት፣ ልጅዎን ቀረብ፣ ያዝ ያዝ ያድርጓት» ሲለው፣ «እንዲሁ ይሻላል» አለ። ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ወይዘሮ ሰናይት ያሉኝን አስታውሳለሁ። ባልነግረውስ ኖሮ? ነግሬው ምን አተረፍኩ? መልሱን አላውቀውም። የማውቀው ነገር ቢኖር ያ ፋይል ካርቶን ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ሁለቱን ወንድማማቾች እንደተቃቀፉ ይዞ መቀመጡን ነው። ጋሼ መንገድ ላይ ቆሎ ሲዘግኑልኝ እዚያው ነበር። ጡሩምባው ሲነፋም እዚያው ነበር።

መክሊት ፎቶዋን ልትልክ ጣቷን ስታነሳ «ቆይ» አልኳት። «ለወንድምሽ መጀመሪያ ደውይለት።»

«ለምኑ?»

«እንደቆረጥሽው ንገሪው። ለምን እንደሆነም ንገሪው።»

«እማዬ፣ በዚህ ይደወላል? ይስቅብኛል እኮ።»

«ይሳቅ። ደውይ።»

ዓይኗን አዙራ ደወለችለት። ድምፁን ክፍት አድርጊው አልኳት፤ አደረገችው። «ስማ፣ መጽሔት ላይ የፋሲካውን ፎቶ እያስገባሁት ነው። አንተ የለህበትም፣ ክንድህ ብቻ ነው የቀረው። አንድ ሰው ብቻ ነው ስላሉ ነው። እማዬ ንገሪው ብላ ነው» አለችው።

«ክንዴ ይበቃል» አለ ልጄ፣ ሳቀም።

እሷ ስልኩን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዝኳት። ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ከዚያ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።